የሾላው ወንበር ሽቦ

ውድ እታለም፣

ወሬው ከጥበብ ክፍል በኩል ሳይደርስሽ እኔ ልቅደም ብዬ ነው ዛሬውኑ የምጽፍልሽ። ዛሬ ጠዋት የወንበሩን ሽቦ ቆረጥኩት። ማንም አላዘዘኝም፣ ማንም አልፈቀደልኝም፤ አንቺ ደግሞ በጽሑፍ ከልክለሽ ነበር። ሰኞ በሦስት ሰዓት የዲሲፕሊን ኮሚቴ ፊት እቀርባለሁ።

ተቀምጬ መጻፍ አልቻልኩም። ችግኝ ቤት ውስጥ፣ አፈር የምንሞላበት ጠረጴዛ ላይ ወረቀቱን ዘርግቼ ቆሜ ነው የምጽፈው። ሁለት መስመር ጽፌ ወጥቼ አየዋለሁ፣ ተመልሼ ሁለት መስመር እጨምራለሁ። ስለዚህ ሐሳቤ ወዲያ ወዲህ ቢል እንደ ድሮው በቀይ እስክሪብቶ አታስምሪበት።

ግቢው አንቺ ከምታውቂው ብዙም አልተለወጠም። በሩ ላይ ያለው ሰሌዳ አሁንም «ተፈጥሮና ጥበብ፣ ዓመቱን ሙሉ» ይላል። ዝናብም ይሁን ሐሩር ሰው አይጠፋም። አበባው ሲያልቅ ሐውልቶቹን ሊያዩ ይመጣሉ፣ ሐውልቶቹ ሲሰለቿቸው አበባውን ሊያዩ ይመጣሉ። ኩሬው ዳር ያለው የመዳብ ዓሣ አረንጓዴ ሆኗል፤ ጎብኚ ሁሉ ቀለም የተቀባ ይመስለዋል።

ከሁሉ ይልቅ ሰው የሚሰበሰበው ግን ያንቺ ወንበር ዘንድ ነው። አራት ሾላዎች ከመሬት ወጥተው፣ ጎንበስ ብለው፣ እርስ በርስ ተጣብቀው መቀመጫ ሲሆኑ፣ ከዚያ ሁለቱ ቀና ብለው መደገፊያ፣ ሁለቱ ወደ ጎን ወጥተው የክንድ ማሳረፊያ ሲሆኑ አይቶ ዝም ብሎ የሚያልፍ የለም። ሙሽሮች አጠገቡ ፎቶ ይነሳሉ። «እውነት እንዲህ ሆኖ ነው የበቀለው?» ይሉኛል። «አዎ፣ በቅሎ ነው» እላለሁ። «ማነው የሠራው?» ሲሉኝ ሰሌዳውን አሳያቸዋለሁ። ስምሽ እዚያ አለ።

አንድ ነገር ግን አታውቂም። የዛሬ ሰባት ዓመት አንቺ ከሄድሽ በኋላ የወንበሩ ባለቤት ማን እንደሆነ ጠፋ። በግቢው ደንብ ተክል የተክል ክፍል ነው፣ የጥበብ ሥራ የጥበብ ክፍል ነው። የጥበብ ክፍል ወንበርሽን «ዕቃ ቁጥር 41» ብሎ መዘገበው። ከዚያ ቀን ጀምሮ የተክል ክፍል እጁን አነሳ፤ የሌላ ክፍል ዕቃ ነዋ። የጥበብ ክፍል ደግሞ እንደ ሌሎቹ ሐውልቶች በየሁለት ሳምንቱ የፅዳት ሠራተኛ እየላከ በደረቅ ጨርቅ ያስወለውለዋል። ቅጠሉን ሳይቀር። አንድ ጊዜማ ቀቢ ቫርኒሽ ይዞ መጣ።

«ምን ልታደርግ ነው?» አልኩት።

«የእንጨት ሥራ ሁሉ በየሁለት ዓመቱ ቫርኒሽ ይቀባል።»

«ይሄኮ ነፍስ ያለው ነው።»

«እኔ ምን አውቃለሁ እናቴ፣ ዝርዝሩ እንጨት ነው የሚለው።»

«እሺ ቅባው። ሲሞት ግን በማን ስም እንደሚጻፍ አስበህበታል?»

ክዳኑን ገጥሞ ሄደ። እንግዲህ በማንም መዝገብ ያልተጻፈው ሥራ ውኃ ማጠጣት ብቻ ነበር። እሱን እኔ ሠራሁ።

አሁን ወጥቼ አይቼው መጣሁ። ያው ነው። በሁለት ሰዓት ውስጥ ምን እንዲሆንልኝ እንደምጠብቅ አላውቅም።

እታለም፣ መጀመሪያውን ታስታውሻለሽ? አንቺ ሥዕሉን ይዘሽ መጣሽ። እኔ ከትልቁ ሾላ ሠላሳ ቅርንጫፍ ቆርጬ በቆርቆሮ ተከልኩ። አሥራ አንዱ ሥር ሰደዱ። ከአሥራ አንዱ እኩል ያደጉትን አራቱን መረጥኩልሽ። በማለዳ ልታጥፊያቸው ስትታገዪ አንዱ ሊሰነጠቅ ደረሰ፤ «ተዪው፣ ከሰዓት በኋላ ትንሽ ውኃ ሲጠማቸው ይለዝባሉ» አልኩሽ፤ እንዳልኩሽም ሆነ። ሁለት ዓመት ሙሉ አንቺ በሽቦ ስታስሪ እኔ ስይዝ፣ እኔ ሳስር አንቺ ስትይዢ፣ እጃችን በሾላ ወተት እየተጣበቀ ሠራን። ከዚያ በፊትም ሆነ ከዚያ በኋላ እንደዚያ ዘመን ከአንቺ ጋር ብዙ ያወራሁበት ጊዜ የለም።

አንቺ ትምህርት ቤት ስትሄጂ እኔ ቤት ቀረሁ። ለዚህ ማንንም አልወቅስም። ማንበብ የለመድኩት ችግኝ ተጠቅልሎበት ከሚመጣ ጋዜጣ ነው። ስለዚህ የማውቀው ነገር ሁሉ ጫፉ የተቀደደ ነው፤ ወሬው ይጀምርና መጨረሻው ጭቃ ውስጥ ይቀራል። የሰው ንግግር ግን እስከ መጨረሻው እሰማለሁ። ወንበሩ በተመረቀበት ቀን ያልሽውን እስከ መጨረሻው ሰምቻለሁ። ወንበሩን ስላሰብሽበት ሌሊት ተናገርሽ፣ ስለ ትዕግሥትሽ ተናገርሽ፣ በመጨረሻም ወደ እኔ በእጅሽ እያመለከትሽ «እህቴም ውኃ በማጠጣት ረድታኛለች» አልሽ። ሰው አጨበጨበ። እኔም የውኃውን ጎማ መሬት አስቀምጬ አጨበጨብኩ።

ልትሄጂ ሳምንት ሲቀርሽ ቤትሽ መጣሁ። ሻንጣ እያሰናዳሽ ነበር። «እታለም፣ ሽቦው በየዓመቱ መላላት አለበት፤ ግንዱ ይወፍራል» አልኩሽ። ቀና ብለሽ አላየሽኝም። ሸሚዝ እያጠፍሽ «አንቺ ውኃሽን አጠጪ፣ ቅርጹን ለእኔ ተዪው። እስክመለስ ማንም እንዳይነካው» አልሽኝ።

«እሺ» አልኩሽ።

ከዚህ ቀጥሎ የምጽፈውን ለማንም ተናግሬው አላውቅም።

በሄድሽ በአራተኛው ዓመት፣ ከዝናቡ በኋላ ሣሩን ሳጭድ ከመቀመጫው ሥር ሽቦው ቅርፊቱን ገብቶበት አየሁ። ገና ብዙ አልገባም። የሽቦ መቁረጫው ሽርጤ ኪስ ውስጥ ነበር። ቢበዛ የአሥር ደቂቃ ሥራ ነው። አልነካሁትም። ለራሴ «ትእዛዝ ነው፣ ትእዛዝ እያከበርኩ ነው» አልኩ። ሰው ሁሉ ታዛዥ ናት ይለኛል፤ እኔም አመንኩ። ግን ውሸት ነው እታለም። ልቤ ውስጥ «ትየው» የሚል ነገር ነበር። መጥታ በዓይኗ ትየው። ውኃሽን አጠጪ ብላኛለች፣ ይኸው አጠጣሁ። አንድም ቀን ሳላዛንፍ አጠጣሁ። ባጠጣሁት ቁጥር ግንዱ እየወፈረ፣ በወፈረ ቁጥር ሽቦው እየገባ እንደሚሄድ አውቅ ነበር። አንቺን ልቀጣ ብዬ ዛፉ ሲታነቅ ቆሜ አየሁ። ሦስት ዓመት።

በዚያን ሰሞን ከአንድ የእርሻ መጽሔት የተቀደደ ገጽ አገኘሁ። ታችኛው መስመር «ሽቦው ከቅርፊቱ ሥር ከገባ በኋላ ዛፉን ለማዳን መጀመሪያ የሚደረገው» ይላል፤ እዚያ ላይ ተቀዷል። የቀረውን ፍለጋ በየጥቅሉ ሥር ስፈትሽ ከረምኩ። ያገኘሁት የቡና ማሽን ማስታወቂያና የኳስ ውጤት ነው።

ዘንድሮ ሌላው ዛፍ ሁሉ ሲያቆጠቁጥ የመደገፊያው ቅጠል ቢጫ ሆኖ ረገፈ። የፅዳት ሠራተኛዋ እንኳ ጠርጋ ጠርጋ ሲሰለቻት «ይሄ ዕቃችሁ ምን ነክቶት ነው የሚረግፈው?» አለችኝ። ያኔ እንቅልፍ አጣሁ። ምሳ ሰዓት ላይ ሌሎቹ ሲቀመጡ እኔ ግቢውን እዞራለሁ። ጽጌረዳውን አልፋለሁ፣ የመዳብ ዓሣውን አልፋለሁ፣ የመስታወት ቤቱን ዞሬ፣ ሳላስበው ወንበሩ ጋ እደርሳለሁ። ፊቴን አዙሬ ደግሞ እጀምራለሁ።

የዓመት ትኬት ይዘው በየቀኑ የሚመጡ አንዲት ጡረተኛ ነርስ አሉ። ሁላችንም ሲስተር ነው የምንላቸው። ከወንበሩ ፊት ለፊት ያለችው የድንጋይ መቀመጫ የእሳቸው ናት፤ ሌላ ሰው ከተቀመጠባት ቆመው ያፈጡበታል። ባለፈው ወር ጠሩኝ።

«ነይ እስቲ ልጄ። ስትዞሪ አየሁሽ ብዬ አላሳፍርሽም፤ እንዲያው ይሄ እብጠት መቼ ጀመረው?»

«በቅርብ ነው ሲስተር።»

«አርባ ዓመት በሽተኛ ሲዋሸኝ ነው የኖርኩት። ሁሉም ትናንት ጀመረኝ ነው የሚሉት። መቼ ነው?»

«ሦስት ዓመት ይሆነዋል።»

በዘንጋቸው ጫፍ ሳይነኩት አሳዩኝ። «ከሽቦው በላይ አብጧል፣ ከሽቦው በታች ከስቷል። ጣቱ ላይ ክር ተጠምጥሞበት ማንም ሳያይለት የቀረ ሕፃን መጥቶልኝ ያውቃል። ልክ እንዲህ ነበር። ለምን አይፈታም?»

«የሠሪዋ ፈቃድ ያስፈልጋል።»

«የት ናት?»

«ሩቅ ናት። እህቴ ናት።»

ይህን ስል ቀና ብለው አዩኝ። «አሃ» አሉ። ያቺ «አሃ» ቤቴ ድረስ ተከተለችኝ።

በማግስቱ ወደ ተክል ክፍል ኃላፊው ሄድኩ። «እሱ ዕቃ ነው፣ ጥበብ ክፍል ሂጂ» አለኝ። ጥበብ ክፍል ሄድኩ። ኃላፊዋ መነጽሯን አውልቃ «ይሄ እኮ በሽታ ነው፤ በሽታ የተክል ክፍል ጉዳይ ነው» አለችኝ። ተመለስኩ። «በሽታው የእኛ ነው፣ በሽተኛው የነሱ ነው» አለና በራሱ ቀልድ ሳቀ። አልሳቅኩም። ሳልስቅ ስቆም ጊዜ አፈረ መሰለኝ፣ ለጥበብ ክፍሏ ኃላፊ ስልክ ደወለላት።

ለእሷም ሐቁን ልናገር፤ ወዲያው ነው የጻፈችልሽ። ፎቶ አብራ ላከች። ፎቶው ግን ከፊት የተነሳ ነው፤ ከፊት ሲታይ ቅጠሉ ሽቦውን ይሸፍነዋል። መልስሽ በአራተኛው ቀን መጣ። ጠርታ አሳየችኝ። «ሥራው እንዳለ ይቆይ። ቅርጹ እንዳይነካ» ይላል፤ ከሥሩ ፊርማሽ። በሰባት ዓመት ውስጥ ፊርማሽን ሳየው የመጀመሪያዬ ነበር። ለቢሮ የተጻፈ ነው። ደጋግሜ አነበብኩት፣ «እህቴስ ደህና ናት ወይ» የሚል ነገር የሆነ ቦታ ላይ ይኖራል ብዬ። እኔም እኮ አልጻፍኩልሽም፤ ምን መብት አለኝ።

ሁለት ሳምንት ጠበቅሁ። ምን እንደጠበቅሁ አትጠይቂኝ። ትናንት ከሰዓት የግራውን ክንድ ቅርፊት በጥፍሬ ፋቅ አደረግሁት። አረንጓዴ መሆን ነበረበት፤ ቡናማ ነው። ትንሽ ዝቅ ብዬ ፋቅኩ፤ ቡናማ ነው።

ዛሬ ጠዋት ሠራተኛው ሳይገባ ገባሁ። ጥበቃው «ምነው በጠዋቱ?» አለኝ፤ «ሥራ አለኝ» አልኩት። የሽቦ መቁረጫ፣ የእጅ መጋዝና ቢላ ይዤ ተንበረከክሁ። አሥራ ስምንት ማሰሪያ ቆጠርኩ። አሥራ አራቱ እየተቆረጡ ወጡ። አራቱ ግን ከውጭ አይታዩም፤ ቅርፊቱ ውጧቸዋል። እነዚያን በቢላ ቅርፊቱን ቁልቁል እየሰነጠቅሁ ፈለግኋቸው። በሰነጠቅሁ ቁጥር የሕይወቱ ምልክት የሆነው ነጭ ወተት ይወጣ እንደሆነ አያለሁ። ከቀኙ ክንድ ወጣ። ከሁለቱ የመደገፊያ ግንዶች አንደኛው ላይ ወጣ፣ በሌላኛው ላይ ቆይቶ ቆይቶ ትንሽ ብቻ አንጠበጠበ። ከግራው ክንድ ምንም አልወጣም። እሱን በመጋዝ ቆረጥኩት። ሲወድቅ ምንም ክብደት አልነበረውም፤ ደርቆ ቆይቷል።

የመጨረሻው ሽቦ ሲፈታ የሆነውን ልንገርሽ። መደገፊያው ተንቀሳቀሰ። ቀስ ብሎ፣ ለረጅም ሰዓት ተኮራምቶ ተቀምጦ እንደሚነሳ ሰው እየተንቋቋ ወደ ኋላው ዘመመ። መቀመጫውም ተከትሎት አንድ ጎኑ ወረደ። እጄን ዘርግቼ ልይዘው ነበር፤ ተውኩት። አሁን ወንበር አይደለም እታለም። እርስ በርስ የተያያዙ አራት ሾላዎች ናቸው፣ አንደኛው ክንድ የለውም። አስበሽበት ያደርሽው ቅርጽ ጠፍቷል። ያጠፋሁት እኔ ነኝ፤ ይህን ሌላ ሰው እንዲነግርሽ አልፈለግሁም።

በሩ ሲከፈት ቀድመው የገቡት ሲስተር ናቸው። ድንጋያቸው ላይ ተቀምጠው ለብዙ ጊዜ አዩት።

«የግራው አልዳነም?»

«አልዳነም።»

«ትንሽ ቀደም ቢል ኖሮ...» ብለው ጀመሩና ፊቴን አይተው ተዉት።

የጥበብ ክፍሏ ኃላፊ ከጎብኚዎቹ ጋር ደረሰች። ቦርሳዋን እንደ ያዘች ቆማ ቀረች።

«ምን አደረግሽ?»

«ሽቦውን ቆረጥኩ።»

«ይሄ የጥበብ ሥራ ማበላሸት ነው። ይገባሻል?»

«ይገባኛል።»

«በማን ፈቃድ?»

እንደምታውቂኝ አለቃ ሲናገረኝ መሬት መሬቱን ነው የማየው። ዛሬ ግን ቀና አልኩ። «በማንም። ያበቀልኩት እኔ ነኝ፣ ሲደርቅ ዝም ብዬ ያየሁትም እኔ ነኝ።»

የተክል ክፍሉ ኃላፊ ከኋላዋ እጁን ኪሱ ከትቶ ቆሞ ነበር። «ለመሆኑ ይድናል?» አለኝ።

«ሁለቱ ይድናሉ። ያ ወተቱ ያነሰው የኋላኛው ግን በስድስት ሳምንት ካላቆጠቆጠ የለም።»

ማስታወሻውን አወጣ። «እንግዲያው በእኛ መዝገብ ይግባ።»

«ዕቃ ነው ስትል አልነበር?» አለችው።

«ወንበር ሳለ ነዋ። አሁን እስቲ ማን ይቀመጥበታል?»

ዞር ብሎ ደግሞ «አንቺ ግን ሰኞ ትቀርቢያለሽ» አለኝ። እሷም ራሷን ነቀነቀች። ሁለቱ ክፍሎች በሰባት ዓመት ውስጥ ሲስማሙ ያየሁት ይህን ብቻ ነው።

እታለም፣ ዛሬ ከቢሮ ቅጽ ይላክልሻል። «ሠሪዋ በሠራተኛዋ ላይ ቅሬታ አላት፣ የላትም» የሚል ነው። እኔ እዚህ መቆየቴም መባረሬም በዚያ መልስሽ ላይ ነው። የላትም በይልኝ ብዬ አልለምንሽም። ቅሬታ ይኖርሻል፣ ሊኖርሽም ይገባል። ሃያ ሦስት ዓመት የሠራሁበት ግቢ ነው፤ ሌላ ቦታ ምን እንደምሆን አላውቅም። ቢሆንም እውነቱን ጻፊ። አንድ ነገር ብቻ እወቂልኝ፤ ያንን የግራ ክንድ ያንቺ ሽቦ ብቻ አልገደለውም፣ የኔም ዝምታ አብሮ ገድሎታል። አንዳችን ለብቻችን ልንወስደው አንችልም።

ለኮሚቴው የምትጽፊውን ለኮሚቴው ጻፊ። ለእኔ ግን ለብቻዬ ጻፊልኝ፤ ስድብም ቢሆን በእጅሽ የተጻፈ ስድብ ይሁን። ሰባት ዓመት በሰሌዳና በቅጽ በኩል መነጋገር ይበቃናል።

ሰኞ ምን እንደሚጠይቁኝ አውቃለሁ። ለምን ቆረጥሽ ይሉኛል፤ ስለ እብጠቱና ስለ ወተቱ እነግራቸዋለሁ። ክልከላውን ታውቂ ነበር ወይ ይሉኛል፤ አዎ እላለሁ። ለምን ሦስት ዓመት ዘገየሽ ብሎ ግን የሚጠይቀኝ የለም፤ ደንባቸው ላይ የለማ። እሱን ልትጠይቂኝ የምትችዪው አንቺ ብቻ ነሽ። መልሱን ከላይ ጽፌልሻለሁ።

ደህና ሁኚልኝ። ፖስታ ቤቱ ሳይዘጋ ልድረስ፤ በመንገዴ አንዴ አይቼው አልፋለሁ።

ታናሽ እህትሽ፣
ከችግኝ ቤት